ሙሐረም ሲገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች (በተለይ ወሎ ላለን)

አሰላሙ አለይኩም ጀመዓ። ሙሐረም (የእስልምና አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር) በመጣ ቁጥር ከደሴ እስከ ባቲ በየቤቱ የአሹራ (የወሩ 10ኛ ቀን ፆም) ወሬ ነው፣ ስህተታችንም ግን በየአመቱ ያው ነው፣ እስኪ አንድ በአንድ ልፃፈው።

መጀመሪያ ቀኑን በስልክ አፕ መቁጠር። አፑ በስሌት ነው የሚሰራው፣ ወሩ የሚገባው ደግሞ ጨረቃ ታይታ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል። እኔ አንድ አመት ስልኬ አሹራ ነገ ነው ብሎኝ ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ለካ ፆመኛ ነው፣ አመት ሙሉ ቆጨኝ። የሰፈራችሁን መስጂድ ጠይቁ።

10ኛውን ብቻ መፆም ሌላው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ አይሁዶች አላህ ሙሳን ከፊርዓውን ያዳነበት ቀን ነው ብለው ሲፆሙ አገኙ፣ ለሙሳ እኛ የበለጠ እንቀርባለን ብለው ፆሙት አስፆሙትም፣ በኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው አመት ከደረስኩ 9ኛውንም እፆማለሁ አሉ፣ ሳይደርሱ ወደ አኼራ ሄዱ። ስለዚህ 9 እና 10ን አንድ ላይ ያዙ። 9ኛው ያመለጠው ሰውም 10ኛውን አይተው።

አሹራ የሚፆመው ለነቢዩ የልጅ ልጅ ለሑሴን ሐዘን ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም። ሑሴን (ረ.ዐ) ከርበላ ላይ የተገደሉት በ61 ሂጅራ ነው፣ ፆሙ ግን ከዛ በፊት አያታቸው ራሳቸው የፆሙት ነው።

እህቶች ደግሞ የረመዳን ቀዷ (ያለፈን ፆም መክፈል) አለብኝ ብላችሁ አሹራን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ቀዷው እስከሚቀጥለው ረመዳን ጊዜ ስላለው ሱናውን (ግዴታ ያልሆነውን) መፆም ይቻላል ያሉ ብዙ ኡለማዎች አሉ፣ የምታምኑትን ሸህ ጠይቁ።

"ሙሐረም መግባቱን ቀድሞ ለሰው የነገረ ጀሀነም እርም ይሆንበታል" ምናምን የሚል ሜሴጅ ቴሌግራም ላይ ሲመጣላችሁ ፎርዋርድ አታድርጉ በአላህ። በነቢዩ ስም መዋሸት ቀላል ነገር አይደለም።

ትልቁ ስህተት ግን ለኔ ይሄኛው ነው። አሹራ ያለፈውን አመት ወንጀል (ኃጢአት) ያስምራል የሚለው ሐዲስ ኢማም ሙስሊም የዘገበው ሶሒሕ (ትክክለኛ) ነው፣ ግን ኡለማዎች ትናንሾቹን ወንጀሎች ነው ይላሉ፣ የሰው ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ አውፍ (ይቅር) ካላለ በፆም አይጠፋም። ሱረቱ ተውባ 36 ላይ አላህ ወሮቹ 12 ናቸው ከነሱ 4ቱ የተከበሩ ናቸው (ዙልቂዕዳ፣ ዙልሒጃ፣ ሙሐረም፣ ረጀብ) ካለ በኋላ ያስከተለው በነሱ ውስጥ ነፍሳችሁን አትበድሉ የሚል ነው። እኛ ግን የእህታችንን የውርስ ድርሻ ይዘን፣ የጎረቤት ድንበር ገፍተን፣ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ ተቀምጠን አሚን አሚን እንላለን፣ ማታ ደግሞ በሰላም እናፈጥራለን። ወላሂ ይሄ ያስፈራል። ኮምቦልቻ አካባቢ የማውቃቸው አንድ አባት ባለፈው ሙሐረም ሽማግሌ ይዘው እህታቸው ቤት ሄዱ፣ ስንት አመት የቆየውን የመሬት ድርሻዋን በወረቀት አድርገው አስረከቧት፣ እሷም አልቅሳ አውፍ አለቻቸው፣ ቀኑ 9ኛው ነበርና መግሪብ ሲደርስ እዛው እሷ ቤት አብረው አፈጠሩ።