በካርቦን ናኖቲዩብ የተጠናከረ የካርቦን ፋይበር ሰሌዳ አሠራር

የካርቦን ፋይበር ጥንካሬ ያለው በክሩ አቅጣጫ ነው። ውፍረቱ 7 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነው አንድ ክር ሲጎተት ከብዙ የብረት ዓይነቶች የበለጠ ኃይል ይሸከማል፤ ከክሩ ተሠርተው በተደራረቡት ጨርቆች መካከል ያለው ግን ኤፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ ብቻ በመሆኑ፣ ሰሌዳው ሲመታ ወይም ደጋግሞ ሲታጠፍ ንጣፎቹ እርስ በርስ ይላቀቃሉ። ናኖ መሙያ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ኤፖክሲው ውስጥ የሚጨመረው ይህን ደካማ ቦታ ለማጠንከርና ኤሌክትሪክ በሰሌዳው ውፍረት በኩል በተሻለ ሁኔታ እንዲያልፍ ለማድረግ ነው። በክሩ አቅጣጫ ያለው የመጎተት ጥንካሬ በመሙያው ብዙም ስለማይለወጥ፣ ፍላጎቱ ይህ ብቻ ከሆነ የተሻለ ፋይበር መግዛት ያዋጣል።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ ለማያሳስበው ሠሪ፣ ፋብሪካ ውስጥ አስቀድሞ በኤፖክሲ ተበትኖ የሚሸጠው ናኖ ሲሊካ የተባለ መሙያ ቀላሉ ምርጫ ነው። እዚህ የሚቀርበው አሠራር ግን ውፍረቱ 10 ናኖሜትር አካባቢ በሆነው ባለብዙ ግድግዳ ካርቦን ናኖቲዩብ (ከካርቦን የተሠራ ደቃቅ ቱቦ) የሚሠራውን ይመለከታል፤ ጥቅሙም ሆነ አስቸጋሪነቱ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነው።

ዱቄቱ ከመከፈቱ በፊት የደኅንነቱ ነገር መታሰብ አለበት። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ኒዮሽ፣ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ የሚተነፍሰው አየር በአንድ ሜትር ኪዩብ በአማካይ ከ1 ማይክሮግራም በላይ ናኖቲዩብ እንዳይኖረው ይመክራል። ይህ በዓይን የማይታይ መጠን ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በአየር መምጠጫ ሳጥን ውስጥ፣ በናይትራይል ጓንትና ፊት ላይ በደንብ በሚገጥም ከፍተኛ ደረጃ ማጣሪያ ባለው ማስክ ይመዘናል፤ የፈሰሰውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በመጥረጊያ አይነካም። እንዲህ ያለ ሳጥን የሌለው ሰው ዱቄት ከመግዛት ይልቅ በኤፖክሲ ተለውሶ የሚሸጠውን ወፍራም ድብልቅ ገዝቶ በንጹሕ ሬዚን (ማጠንከሪያው ገና ያልገባበት የኤፖክሲ ክፍል) ቢያቀጥን ይሻለዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። ጎኑ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ሰሌዳ፣ በሜትር ካሬ 200 ግራም ከሚመዝን ጨርቅ በስምንት ንጣፍ ሲሠራ 144 ግራም ፋይበር ይፈልጋል፤ ውፍረቱም 2 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ከሮለርና ከዕቃ ጋር ተጣብቆ የሚቀረውንና በቫኩም የሚወጣውን ጨምሮ 150 ግራም የተቀላቀለ ኤፖክሲ ይበቃል። የአምራቹ ሰነድ የሬዚንና የማጠንከሪያ ምጣኔ 100 ለ 34 ነው ካለ፣ ሬዚኑ 112 ግራም፣ ማጠንከሪያው 38 ግራም ይሆናል። ናኖቲዩቡ ከጠቅላላው ድብልቅ 0.3 በመቶ፣ ማለትም 0.45 ግራም ነው። መጠኑን መጨመር ብልሃት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከ0.5 በመቶ ሲያልፍ ሬዚኑ እጅግ ወፍሮ ክሮቹ መካከል መግባት ያቅተዋል፣ አየርም ይዞ ይቀራል።

የሥራው ዋና ክፍል መበተኑ ነው። ናኖቲዩቦች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ በማማሰያ ብቻ ሲቀላቀሉ በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ጓል ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ጓል ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ስለሚሆን፣ በአግባቡ ያልተበተነ መሙያ ሰሌዳውን መሙያ ከሌለው የባሰ ያደርገዋል። ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ባለሦስት ሲሊንደር መፍጫ ነው፤ ድብልቁ በሲሊንደሮቹ መካከል ደጋግሞ ሲያልፍ ክፍተቱ ደረጃ በደረጃ እየጠበበ እስከ 5 ማይክሮሜትር ይደርሳል። መፍጫው ከሌለ በድምፅ ሞገድ የሚበትነው ሶኒኬተር ያገለግላል። ዕቃው በበረዶ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ መሣሪያው ጥቂት ሰከንድ እየሠራና እያረፈ፣ የድብልቁ ሙቀት ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ ክትትል ይደረጋል። ብዙ ማቆየትም ጉዳት አለው፤ ሞገዱ ቱቦዎቹን ይሰባብርና ያሳጥራቸዋል። ሬዚኑን ለማቅጠን አሴቶን የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልመክረውም፤ ተቀጣጣይ ከመሆኑም ሌላ ጥቂቱ ቢቀር ኤፖክሲው በሚገባ አይደርቅም። ግድ ከሆነ ግን ዕቃው ከመጨመሩ በፊት ተመዝኖ፣ አሴቶኑ ከተነነ በኋላ ክብደቱ ወደ ቀድሞው መመለሱ ይረጋገጥ። በመጨረሻ አንድ ጠብታ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጉልህ ጥቁር ጓል ካለ መበተኑ ይቀጥላል።

ማጠንከሪያው የሚጨመረው ይህ ሁሉ አልቆ፣ ሬዚኑ ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ ተብሎ ይማሰላል፣ አረፋውም በቫኩም ይወጣል።

ሬዚኑን ከአንድ ጫፍ በቫኩም ስቦ ማሳለፍ በተለመደው ኤፖክሲ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ናኖቲዩብ ሲኖርበት ግን ጨርቁ ራሱ ማጣሪያ ስለሚሆን፣ መሙያው መግቢያው አካባቢ ተከማችቶ ሌላው ጫፍ ባዶውን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ድብልቁ በእጅ፣ ለእያንዳንዱ ንጣፍ ለየብቻው፣ በሮለር ይቀባል። ሰም የተቀባ ወፍራም መስታወት ላይ ጨርቆቹ ሰሌዳው እንዳይጣመም ከመሃል ወደ ላይና ወደ ታች ተመሳሳይ በሆነ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከላያቸው ተልጦ የሚነሳ ናይለን ጨርቅ፣ ቀዳዳ ያለው ስስ ፕላስቲክ፣ ትርፉን ሬዚን የሚመጥ ወፍራም ጨርቅ፣ በመጨረሻም በማሸጊያ ቴፕ ዙሪያውን የተዘጋ የቫኩም ከረጢት ይሆናል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሰሌዳውን የሚጫነው ፓምፑ ሳይሆን ከረጢቱን ከውጭ የሚገፋው የከባቢ አየር ነው። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው ይህ ግፊት በ2,350 ሜትር ከፍታ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭው አየር አንጻር የሚለካ ጌጅ ከ0.76 ባር ገደማ ባያልፍ ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከረጢቱ ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታወቀው ቧንቧው ተዘግቶ ለ15 ደቂቃ ያህል መርፌው ሲታይ ነው፤ ካልወረደ ደኅና ነው። የጎደለው ግፊት በዚህ ስፋት ላይ ከ220 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ስለሚሆን ድንጋይ በመጫን አይተካም። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከሆነ በሁለት የብረት ጠፍጣፋ መካከል አድርጎ በሃይድሮሊክ ፕሬስ መጫን ይሻላል፤ ቅርጹ ጎባጣ ከሆነ ግን ሬዚኑ ትንሽ በዝቶ እንደሚቀር ታስቦ ይነደፋል።

ሰሌዳው በአብዛኛው በክፍል ሙቀት አንድ ቀን ከቆየ በኋላ፣ የአምራቹ ሰነድ በሚያዘው መሠረት፣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ምድጃ ውስጥ ይበስላል።

መሙያው መጥቀሙ የሚታወቀው ከዚያው ሬዚንና ጨርቅ፣ በዚያው ቀን፣ ያለ መሙያ ከተሠራ ማነጻጸሪያ ሰሌዳ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። በንጣፎች መካከል ያለው የመላቀቅ ጥንካሬ በኤኤስቲኤም (የሙከራ ደረጃዎች አውጪ ድርጅት) ዲ2344 የአጭር ምሰሶ ሙከራ ይለካል። የስንጥቅ መቋቋም በኤኤስቲኤም ዲ5528 እንዲለካ ከተፈለገ፣ ከ13 ማይክሮሜትር የማይወፍር የማይጣበቅ ፊልም በአራተኛውና በአምስተኛው ንጣፍ መካከል በአንድ ጠርዝ በኩል ገና ሲደረደር መግባት አለበት፤ ከደረቀ በኋላ ማስገባት አይቻልም። ናሙናዎቹ የሚቆረጡት ውሃ እየፈሰሰባቸው ነው፤ የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ በአቅራቢያው ያለ ኮምፒውተር ወይም መለኪያ መሣሪያ ውስጥ ቢገባ ሾርት ያደርጋል።