በፖሊሶች የሙያ ማኅበር ለአመራርነት እንዴት መወዳደር ይቻላል? ከደንቡ ንባብ እስከ ርክክቡ

ከአዲስ አበባ በለገጣፎና በለገዳዲ አድርጎ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ እስከሚገኝበት እስከ ሰንዳፋ ባለው መንገድ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ መንደሮች በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ የፖሊስ አባላት በጉርብትና ይኖራሉ። የሚሰባሰቡባቸው ማኅበራት የምርጫ ጊዜ ሲደርስ፣ ሥራውን በቅንነት ሊመሩ የሚችሉ ሰዎች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ዝም ማለታቸው በእጅጉ ያሳስበኛል። ዝምታው ብዙ ጊዜ ከፍላጎት ማጣት ሳይሆን አካሄዱን ካለማወቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ማስረዳት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው እርምጃ ማኅበሩ በየትኛው ሕግ እንደቆመ ማወቅ ነው። የሙያ ማኅበር ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከሆነ ደግሞ የሚገዛው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የሠራተኛ ማኅበር ግን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፖሊስ አባላትን የሥራ ግንኙነት ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87ም የመደራጀት መብት ለፖሊስና ለጦር ኃይል አባላት ምን ያህል እንደሚሠራ በአንቀጽ 9 ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። ስለዚህ «ከተመረጥሁ ደመወዝ አስጨምራለሁ» የሚል ዕጩ ማኅበሩ በእጁ የሌለውን ሥልጣን ቃል እየገባ ነው። ሥልጠና፣ የሕግ ምክር፣ በሕመምና በሐዘን ጊዜ መደጋገፍ፣ ቁጠባና ብድር፣ የጡረተኞች ጉዳይ ግን በማኅበር አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው፤ የምርጫ ሐሳብዎ በእነዚህ ላይ ይቁም።

ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንቡን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው፣ እርሳስ ይዘው ያንብቡ። ለመመረጥ ስንት ዓመት አባል መሆን ያስፈልጋል? ውዝፍ መዋጮ ያለበት ሰው ዕጩ መሆን ይችላል? ጥቆማ የሚቀርበው በጽሑፍ አስቀድሞ ነው ወይስ በጉባኤው መካከል? የሥራ ዘመኑ ስንት ዓመት ነው፣ ለስንት ዙር ይፈቀዳል? ምልዓተ ጉባኤ በምን ያህል አባላት ይሟላል? የእነዚህን መልስ ሳያውቁ መወዳደር ከባድ ነው። የራስዎን የመዋጮ ደረሰኞች ያሰባስቡ፤ የሁለት ወር ውዝፍ ተገኝቶ በምርጫው ዕለት ስምዎ ከዝርዝር ቢወጣ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም። ከደንቡ በኋላ ያለፉትን ቃለ ጉባኤዎችና የኦዲት ሪፖርቶች ያንብቡ። በቃለ ጉባኤ ላይ ተወስኖ በሪፖርት ላይ ያልታየ ጉዳይ ካገኙ፣ ዋናው የውይይት ነጥብዎ እርሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የማዕረግ ጉዳይ ነው። ፖሊስ ዕለት ተዕለት የሚሠራው በዕዝ ሰንሰለት ነው፤ ኮንስታብሉ ለሳጅኑ፣ ሳጅኑ ለኢንስፔክተሩ፣ ኢንስፔክተሩ ለኮማንደሩ ይታዘዛል። በማኅበር ጉባኤ ውስጥ ግን የኮማንደሩ ድምፅ አንድ ነው፣ የኮንስታብሉም አንድ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቆሙት ብዙ ዕጣ (የማኅበሩን የባለቤትነት ድርሻ) የገዛም ጥቂት የገዛም እኩል አንድ ድምፅ አለው በሚለው መርህ ላይ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. አርተር ትሩፕ የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ ሳጅን የመሠረተው ዓለም አቀፍ የፖሊስ ማኅበርም በሥራ ላይ ያሉትንም ጡረተኞችንም ያለ ማዕረግ ልዩነት ይቀበላል። ያን የሚያህል ማኅበር ከሳጅን እጅ መውጣቱ፣ «እኔ የበታች ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?» ለሚሉ ወጣት አባላት ደጋግሞ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ዕጩው የበላይ ኃላፊ ከሆነ ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል። አለቃው ድጋፍ ሲጠይቀው «አይሆንም» ማለት የሚችል የበታች ጥቂት ነው፤ የፈረቃ ድልድሉም የፈቃድ ወረቀቱም በአለቃው እጅ ነውና። ስለዚህ በእርስዎ ሥር የሚሠራን አባል ለብቻው ጠርተው ድምፅ አይጠይቁ፣ የድጋፍ ፊርማም አያስፈርሙት። ሐሳብዎን ሁሉም ባሉበት ይናገሩ፤ የሚጠቁምዎትም በእርስዎ ሥር የማይሠራ ሰው ይሁን። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በመሥሪያ ቤት መኪና እየተዘዋወሩ፣ በሥራ ሰዓት ወይም በስምሪት መገናኛ ሬዲዮ ቅስቀሳ ማድረግም ፈጽሞ አይገባም። ፖሊስ ከፖለቲካ ፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ሊሆን ይገባልና፣ የፓርቲም ሆነ የብሔር ስም በቅስቀሳዎ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። መወዳደርዎን ለቅርብ ኃላፊዎ አስቀድመው በጽሑፍ ማሳወቅ ከብዙ አለመግባባት ያድናል።

ከዚያ አባላትን ያዳምጡ። ለምሳሌ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ጠዋት ለገጣፎ መንገድ ዳር ሻይ ቤት የተቀመጠ አባል ካገኙ፣ ስለ ራስዎ ከመናገር በፊት «ባለፈው ዓመት ከማኅበሩ ምን አገኘህ?» ብለው ይጠይቁት። ሚስቱ ስትወልድ ብድር ጠይቆ ቅጹ እንደዘገየበት፣ ጉባኤው ሁልጊዜ እሱ ተረኛ በሚሆንበት ሰዓት እንደሚጠራ፣ መዋጮው ከደመወዙ ቢቆረጥም ደረሰኝ እንደማይሰጠው ሊነግርዎት ይችላል። ሳያቋርጡ ይስሙት፤ በማስታወሻዎም ያስፍሩት። ሴት አባላትን ሲያነጋግሩ የስብሰባውን ሰዓትና የመመለሻ ትራንስፖርቱን ነገር መጠየቅ አይርሱ፤ ከመሸ በኋላ ከከተማው ዳር ታክሲ መጠበቅ ብዙዎችን ከጉባኤ ያስቀራል። ጡረተኞችንም አይዝለሉ፤ የማኅበሩን ታሪክ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ በጉባኤም ሳይቀሩ ይገኛሉ።

የሰሙትን ይዘው የምርጫ መግለጫዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ሦስት ጉዳዮች ይበቃሉ፤ እያንዳንዱ በምን ገንዘብ፣ በማን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ይታይ። «የአባላትን ጥቅም አስከብራለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። «የብድር ጥያቄ በቀረበ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል» የሚለው ግን አባሉ ቆጥሮ ሊጠይቅበት የሚችል ቃል ነው። ነባሩን አመራር በስም ማብጠልጠል አያስፈልግም፤ ነገ ርክክብ የሚያደርጉት ከእርሱ ጋር ነው፤ ምናልባትም በአንድ ጣቢያ ትሠራላችሁ።

በምርጫው ዕለት ቀድመው ይድረሱ። የፈረሙት አባላት ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ በቃለ ጉባኤ ካልሠፈረ ምርጫው በኋላ ሊሻር ይችላል። አስመራጭ ኮሚቴው ውስጥ ዕጩ ሊኖር አይገባም፤ ሲመረጥም ዕጩዎች ባይጠቁሙ ይሻላል። ድምፁ በእጅ ማውጣት ይሰጥ ቢባል፣ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ በምስጢር እንዲሆን ይጠይቁ፤ አለቆቹ ከፊት ተቀምጠው እያዩት እጁን የሚያወጣ የበታች በነጻነት መረጠ ማለት አይቻልም። ወረቀት ቆራርጦ፣ ማኅተም መትቶ ማደል ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። የመናገሪያ ጊዜዎን ያክብሩ። ቆጠራው በሁሉም ፊት ይካሄድ፤ ዕጩዎች ያገኙት ድምፅና የተበላሸው ወረቀት ብዛት ተጽፎ ይፈረም። ቅሬታ ካለዎት ደንቡ በሰጠው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ በኮሪደር የሚወራ ቅሬታ መልስ አያገኝም።

ካሸነፉ ደስታው ሳይበርድ ርክክቡን ያስጀምሩ። ማኅተሙ፣ የአባላት መዝገብ፣ የንብረት ዝርዝር፣ ያልተሠራባቸው ደረሰኞች ከነተከታታይ ቁጥራቸው፣ የባንክ ደብተርና ቼኩ በምስክር ፊት ተቆጥረው ይፈረምባቸው። የአዲሱ አመራር ስም የመዘገበው መሥሪያ ቤት ዘንድ ይቅረብ፤ በባንክም የፈራሚዎች ለውጥ ይጠየቅ። ይህ እስኪጠናቀቅ ድረስ ማንም ሰው፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ ከማኅበሩ ሒሳብ ገንዘብ እንዳያወጣ በመጀመሪያው የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ያስወስኑ።