የመኖ ሻጋታ መርዝ ዶሮዎቻችሁን እንዳይጎዳ እንዴት መከላከል ይቻላል

መኖው ላይ ሻጋታ አይታይም ብላችሁ አትዘናጉ። ዶሮዋን የሚጎዳት በአብዛኛው ሻጋታው ራሱ ሳይሆን ሲያድግ የሚያመነጨው መርዝ ነው፣ ይሄ መርዝ (ማይኮቶክሲን ይባላል) በአይን አይታይም፣ ሻጋታው ደርቆ ከጠፋ ወይ እህሉ ከተፈጨ በኋላም መኖው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆያል። ማፍላት፣ መቁላት፣ ጸሀይ ላይ ማስጣት መርዙን አያስወግደውም፣ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የተጨመቀ መኖም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ ተርኪዎች (ትልልቅ ዶሮ መሰል የቤት ወፎች) በጥቂት ወራት ውስጥ አልቀው ምክንያቱ ሲፈለግ ከመኖው ጋር የተቀላቀለው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀውም ከዛ በኋላ ነው።

1. ምልክቱን እወቁ

አፍላቶክሲን ዋና ኢላማው ጉበት ነው። ዶሮዎቹ ይበላሉ ግን ክብደት አይጨምሩም፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ ቆዳቸው በቀላሉ ይበልዛል። የሞተች ካለች የእንስሳት ሀኪም ሲከፍታት ጉበቷን እዩት፣ ጤነኛ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ነው፣ የተመረዘው ግን ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ኦክራቶክሲን የሚባለው ሌላው የሻጋታ መርዝ ደግሞ ኩላሊት ነው የሚመታው፣ ውሀ አብዝተው ይጠጣሉ ኩሳቸው ይቀጥናል ጉዝጓዙ ቶሎ ቶሎ ይረጥባል። ቲ-2 የሚባለው የሻጋታ መርዝ አፍ ውስጥ፣ ምላስና የመንቁር ዳር ላይ ነጭ ቢጫ ቁስል ያወጣል፣ ስለሚያማቸው መኖ ይተዋሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ግልጽ የሆነው አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ መርዝ በየቀኑ ሲበሉ የሚሆነው ነው። ሞት የለም፣ ቁስል የለም፣ ግን በሽታ የመከላከል አቅማቸው ይወርዳል፣ የከተባችሁት ክትባት በደንብ አይዝም፣ ኮክሲዲያ (የአንጀት በሽታ ነው) ይደጋገማል፣ አርቢው ዛሬ አንድ አንቲባዮቲክ ነገ ሌላ እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ችግሩ ግን ጆንያው ውስጥ ነው። በሽታ በተደጋገመ ቁጥር መኖውንም ጠርጥሩ በጣም እለምናችኋለሁ። በእርግጥ እነዚህ ምልክቶች በሌላ በሽታም ይመጣሉ፣ ስለዚህ በአይን አይቶ ብቻ መወሰን አይቻልም።

2. ከጠረጠራችሁ መኖውን ዛሬውኑ አቁሙ

መድሀኒት የለውም፣ ዋናው ህክምና መርዙን መስጠት ማቆም ነው። ሌላ ንጹህ መኖ አምጡ፣ መመገቢያውን ጥግ ጥጉን ፈቅፍቃችሁ እጠቡና አድርቁ። ፕሮቲኑ ሻል ያለ መኖ፣ ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየም ጉበት እንዲያገግም ያግዛሉ፣ መጠኑን ግን ከሀኪም ጋር ተነጋገሩበት ምክንያቱም ሴሊኒየም ከበዛ እሱም መርዝ ነው።

3. ናሙና ውሰዱ

መርዙ ጆንያው ውስጥ እኩል አይበተንም፣ አንዱ ጥግ ላይ ተከማችቶ ሌላው ጋ ምንም ላይኖር ይችላል። ከአንድ ቦታ አንድ እፍኝ ወስዶ ላብራቶሪ መላክ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሀልም ከስርም ትንሽ ትንሽ ዝገኑ፣ አንድ ላይ ቀላቅሉና ከዛ ላይ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ላኩ፣ ፕላስቲክ ያልበዋል። ውጤቱን ለማንበብ እንዲረዳችሁ የአውሮፓ ህብረት ለአዋቂ ዶሮ በተዘጋጀ መኖ የሚፈቅደው በኪሎ እስከ 0.02 ሚሊግራም አፍላቶክሲን ቢ1 (አንዱ የአፍላቶክሲን አይነት) ነው፣ ለጫጩት ከዛ ያነሰ። ዳክዬና ተርኪ ከዶሮ በጣም ይብሳሉ፣ በተለይ የዳክዬ ጫጩት።

4. እህል ስትገዙ ድርቀቱን ፈትሹ

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ከሆነ ሻጋታ አያድግበትም ማለት ይቻላል። መለኪያ ከሌላችሁ ክዳን ያለው በደንብ የደረቀ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን ያህል በቆሎ ጨምሩበት፣ ሁለት ሶስት ማንኪያ ደረቅ ጨው አድርጉና አንድ ደቂቃ ነቅንቁት፣ ከዛ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ አትግዙት ወይ አድርቁት። ካልተጣበቀ ቢያንስ ከ15 በታች ነው ማለት ነው፣ ለብዙ ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ግን ትንሽ ማድረቅ አይከፋም።

የተሰባበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ለቅማችሁ አውጡ፣ ብናኙን በወንፊት ንፉት። አብዛኛው መርዝ ያለው በዚህ ገለባና ስብርባሪ ውስጥ ስለሆነ ይቺ ስራ ብቻዋን ብዙ ትቀንሳለች።

5. አቀማመጥ

ጆንያ መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ፓሌት ወይ ጣውላ ላይ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት። ትኩስ መኖ ሳይቀዘቅዝ ጆንያ ውስጥ ከገባ ውስጡ ያልበውና ይሻግታል። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ፣ የተፈጨ መኖ ደግሞ ከሙሉ እህል ቶሎ ስለሚበላሽ በሙቀትና እርጥበት ወቅት ለጥቂት ሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ አስፈጩ።

6. ቶክሲን ባይንደር (መርዝ የሚይዝ የመኖ ተጨማሪ)

ቤንቶናይት የሚባለው ሸክላ አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ በኩስ ያወጣዋል፣ ጥሩ ይሰራል። ቲ-2 እና ኦክራቶክሲን ላይ ግን ደካማ ነው፣ ስለዚህ ባይንደር አለኝ ተብሎ የተበላሸ መኖ አይሰጥም። ፕሮፒዮኒክ አሲድ የሚባለው ማቆያም ሻጋታው እንዳያድግ ያደርጋል እንጂ ቀድሞ የተፈጠረውን መርዝ አያጠፋም።

7. የተበላሸውን ምን እናድርገው

ከጥሩው ጋር ቀላቅላችሁ አታሳሱት፣ ጥሩውንም ታበላሹታላችሁ። ለላምም አትስጡ፣ መርዙ ወደ ወተት ያልፋል፣ አፍላቶክሲን ደግሞ ሰው ላይ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በዚሁ ምክንያት ዶሮዎቹ የተመረዘ መኖ ሲበሉ የጣሉትን እንቁላል፣ ጉበታቸውንም ጭምር፣ ሀኪም ሳይፈቅድ አትብሉ አትሽጡም። መኖውን አርቃችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ስታነሱት አፍንጫና አፋችሁን በማስክ ሸፍኑ።