ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ስታሳዩ ከቅጂ መብት ጋር እንዳትጋጩ

ደሴ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስምጥ ሸለቆን በጠመኔ እየሳልኩ ማስረዳት ሲያቅተኝ ቪዲዮ ማሳየት ጀመርኩ። እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ቪዲዮውን ራሳችሁ እስከ መጨረሻው እዩት።

ቀጥሎ የት፣ ለማንና በስንት እንደምታሳዩት ለዩ። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚደረግን የግል ትዕይንት ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም ይላል። ለክፍላችሁ ልጆች በነፃ ካሳያችሁ ጣጣ የለውም። ጣጣው የሚመጣው በሩ ለሌላ ሰው ሲከፈት ነው።

እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። የፕሮጀክተራችን አምፖል ሲቃጠል፣ «ሌላ ተውሰን ቅዳሜ ፊልም እናሳይ፣ 10 ብር እናስከፍል» አልኩ። በየሱቁ ማስታወቂያ ለጠፍን። ወላጅ መጣ፣ የሰፈር ልጅ መጣ፣ ቆሎ ሻጭ ሳይቀር በር ላይ ተቀመጠ። ፊልሙ የአገር ውስጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት ፕሮዲዩሰሩ ደወለ። ለካ አንዱ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ልኮለታል። ሰውዬው አልጮኸም። «መምህር፣ የእኔ ድርሻ ስንት ደረሰ?» ብቻ አለኝ። የሰበሰብነውን 640 ብር ሳንቲም ሳናጎድል ላክንለት። ለአምፖል ነው ማለቱ አያድንም። ትኬት ከቆረጣችሁ ሲኒማ ቤት ናችሁ፤ ፈቃዱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

ቅጂ ማስቀረትም የራሱ ልክ አለው። አዋጁ ለማስተማሪያ መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ግን ዓላማው ከሚጠይቀው በላይ አይደለም፣ ምንጩና የሠሪው ስምም ይጠቀስ ይላል። ስለዚህ የ2 ሰዓት ፊልም ሙሉውን አልገለብጥም፤ የምፈልጋትን 6 ደቂቃ ብቻ እወስዳለሁ። የሠሪውን ስም ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፋለሁ። ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑ ቤቶች ግን አላስጭንም። ከመነሻው የተሰረቀ ነው፣ ቫይረሱ ደግሞ ምርቃት።

ዩቲዩብ ላይ ያለውን እዚያው ክፈቱት። ራሱ የማውረጃ ቁልፍ ካልሰጠ በሌላ ሳይት ማውረድን ደንቡ ይከለክላል። ኔትወርኩ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከክፍለ ጊዜው በፊት ከፍቼ መሥራቱን አያለሁ። ፍለጋው ላይ ማጣሪያውን ከፍታችሁ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚለውን ብትመርጡ፣ ባለቤቶቹ ስማቸው እስከተጠራ ድረስ ተጠቀሙበት ያሉትን ብቻ ያወጣላችኋል። ናሳ የሚያወጣቸውም በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም። አፋርን ከሰማይ ሲያዩ ልጆቹ ከኮምቦልቻ በታች ያለው ቁልቁለት ወዴት እንደሚወርድ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከዚያ «ቲቸር፣ ቴሌግራም ላይ ይልቀቁልን» ይላሉ። ሊንኩን እልካለሁ። ፋይሉን አልክም።