አሉሚኒየም ወይስ ብረት? ጅማ ላይ በር፣ መደርደሪያ ወይ ፖርቶ መጋላ ከማሰራታችሁ በፊት

መርካቶ ብረታ ብረት ሱቅ ገብታችሁ "የቱ ይጠነክራል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሻጩ የሚነግራችሁ እጁ ላይ ያለውን ነው፣ አይፈረድበትም። ጥያቄው ራሱ ነው ችግሩ። ክብደት ሌላ፣ ጥንካሬ ሌላ፣ ጭነት ሲያርፍበት የመጉበጡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፣ ሶስቱን ለየብቻ ካላያችሁ ብራችሁን ነው የምትጥሉት። ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ) ያላችሁ ሜካኒካሎች ይሄን በፎርሙላ ታውቁታላችሁ፣ እኔ የምፅፈው ለሚያሰራው ሰው ነው።

ክብደቱ ቀላል ጥያቄ ነው፣ አሉሚኒየም ከውሃ 2.7 እጥፍ ይከብዳል፣ ብረት 7.85። ጥንካሬ ላይ ግን "አሉሚኒየም ደካማ ነው" የሚለው ወሬ ሁሌ አይሰራም። 6061 ቲ6 የሚባለው አሎይ (ድብልቅ አሉሚኒየም) ጎብጦ አልመለስም የሚለው ወደ 270 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ተራው የግንባታ ብረት ደግሞ 235 እስከ 250፣ እንደውም ይበልጠዋል ማለት ነው። የበርና መስኮቱ ፕሮፋይል ግን አብዛኛው 6063 ነው፣ ከዛ ዝቅ ይላል፣ የድስቱ ንፁህ አሉሚኒየምማ በእጅ ይታጠፋል። ስለዚህ "አሉሚኒየም ነው" ካሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። የአሉሚኒየም ግትርነት፣ ማለትም ጭነት ሲያርፍበት ያለመጉበጥ አቅሙ፣ 70 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፣ የብረት 200 ምናምን፣ እና ይሄ በአሎይ አይቀየርም፣ በሙቀት ብታክሙትም አይቀየርም፣ ውዱን የአውሮፕላን አሎይ ብትገዙም ያው ነው። ስለዚህ 40 በ40 ሚሊ የብረት ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) አውጥታችሁ በዛው ልክ አሉሚኒየም ብታስገቡ አይሰበርም ይሆናል፣ ግን ሶስት እጥፍ ይረግባል፣ መደርደሪያችሁ ቡና ጆንያ ሲጫንበት ሆዱን ይጥላል። መፍትሄው የጎኑን ስፋት መጨመር ነው፣ ምክንያቱም ግትርነት ከጎኑ ጋር በጣም በፍጥነት ያድጋል፣ የግድግዳውን ውፍረት ሳትቀይሩ 1.44 እጥፍ ካሰፋችሁት ሶስት እጥፍ ይሆናል። በቁጥር ልየው፣ 40 በ40 ባለ 1.5 ሚሊ የብረት ቱቦላሬ ስድስት ሜትሩ ወደ 11 ኪሎ ይመጣል። 60 በ60 አሉሚኒየም በዛው ውፍረት ወደ 5.7 ኪሎ ነው፣ ግትርነቱም ከብረቱ ትንሽ ይበልጣል። ግማሽ ክብደት ማለት ነው፣ ቦታ ካላችሁ አሪፍ ነው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ግን ብረት ይሻላል፣ አትከራከሩ።

ስትገዙ ማግኔት ያዙ፣ ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ ግን አሉሚኒየም ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ ብዙ አይነት ስቴንለስም ማግኔት አይይዘውም። ጥርጣሬ ካለ ቁራጩን በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑት፣ ከዛ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ንከሩትና እንደገና አንብቡ፣ የባልዲውን ጎንና ስር አይንካ፣ ቱቦላሬ ከሆነ ውስጡ አየር አይቅር። 2.7 ኪሎ የነበረው 1.7 ካለ የጎደለው 1 ኪሎ ነው፣ 2.7ን ለ1 አካፍሉ፣ 2.7 አካባቢ ከመጣ አሉሚኒየም ነው። ብረት ወይ ስቴንለስ ከሆነ ወደ 8 ይጠጋል።

ብየዳው ላይ ተጠንቀቁ። ብረት የለመደ በያጅ ቀለሙን እያየ ነው የሚሰራው፣ አሉሚኒየም ግን ሳይቀላ ሳያስጠነቅቅ 660 ዲግሪ አካባቢ ዝርግፍ ይላል፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ 2000 ዲግሪ አልፎ ነው የሚቀልጠው። ለዚህ አርጎን ጋዝና ኤሲ ቲግ ማሽን (በጋዝ እየሸፈነ የሚበይድ ማሽን) ያስፈልጋል፣ በተለመደው የኤሌክትሮድ ማሽን "እሞክረዋለሁ" ለሚላችሁ እሺ አትበሉት። በደንብ ቢበየድ እንኳ 6061 ቲ6 ብየዳው አጠገብ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። እኔ በቡሎንና በሪቬት መታሰሩን ነው የምመርጠው።

ፖርቶ መጋላ ላይ የኔ ምርጫ ብረት ነው። አጋሮ መንገድ ቀን በቀን ለሚመላለስ መኪና ንዝረቱ ማለቂያ የለውም፣ ብረት ንዝረቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ አይደክምም፣ አሉሚኒየም ግን እንደዛ አይነት ልክ የለውም፣ ትንሽ ንዝረትም ቢሆን እየተጠራቀመ አንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። ብረቱ ቢሰነጠቅም በያጅ ቤት ሁሉ ይጠገናል።

ዝናቡ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጅማ ውስጥ አንቲረስት ያልተቀባ ብረት ክረምቱን ሳይዝግ አይጨርስም፣ አሉሚኒየም ያ ኦክሳይዱ ራሱ ይጠብቀዋል። ለውጭ መስኮት ለዛ ነው የምመክረው። ሁለቱን ስታገናኙ ግን እርጥበት ባለበት አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው፣ መሃሉ ላይ ጎማ አስገቡ፣ ብረቱንም ቀቡ። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ይበሉታል፣ ስለዚህ ልስን ሳያልቅ መስኮት አታስገጥሙ፣ ግዴታ ከሆነ ፕሮፋይሉ ላይ የተለጠፈውን ፕላስቲክ ሳትልጡ ተዉት፣ የተረጨበትን ደግሞ ሳይደርቅ በውሃ እጠቡት።