ለጌም የሚሆነውን የቤት ኮምፒውተር በሙቀቱ ስለ መምረጥ

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ኮምፒውተር መገኘቱ ዛሬ የሚያስገርም አይደለም። ከቢሮ አገልግሎት ወጥቶ የተገዛ ዴስክቶፕ ሳሎን ጥግ ይቀመጣል፤ ለትምህርት የተገዛ ስስ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞራል፤ ዕድል ከቀና ደግሞ ዘመድ ከውጭ አገር የላከው የጌም ላፕቶፕ ይኖራል። ጌሙ በየትኛው ላይ ይጫን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ አብዛኛው ሰው አዲሱን ወይም ተለጣፊው ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ይመርጣል። በእኔ አስተያየት መመዘኛው ሌላ ነው፦ ጌሙ ከተከፈተ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ማሽኑ በደንብ ከሞቀ ወዲያ፣ ፍጥነቱ ሳይቀንስ የሚቆየው የትኛው ነው?

ፕሮሰሰሩም (ዋናው የስሌት ክፍል) ሆነ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የራሳቸውን ሙቀት የሚለኩበት መሣሪያ በውስጣቸው አላቸው። የአብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ ደግሞ በአብዛኛው 95 ነው። ሙቀቱ ወደዚያ ሲጠጋ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ድንገት ይጠፋል። የእግር ኳስ ጌም የሚጫወት ሰው ይህን ሳያውቀው አይቶታል፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ያለ እንከን ያልፍና በሦስተኛው ላይ ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ቁልፉ ከተጫኑት በኋላ ተጫዋቹ ዘግይቶ ይመታል፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ በጆይስቲኩ ይሳበባል።

በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ስስ በመሆኑ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አንዳንድ አምራቾች ማሽኑ የሚችለው የክፍል ሙቀት ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ1 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ በመመሪያቸው የሚጽፉት ለዚህ ነው። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉዳቱን በከፊል ያካክሰዋል። ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ጠንከር ይላል፣ ክፍሉ ራሱ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ በቪዲዮ ላይ ያዩት የሌላ አገር ልኬት ብዙ አይጠቅምዎትም፤ መለካት ያለብዎት በቤትዎ ነው።

ከመለካቱ በፊት ከውድድሩ ውጪ የሚሆነውን መለየት ጊዜ ይቆጥባል። የላፕቶፑ ሆድ ያበጠ ከመሰለ ወይም የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሣ ባትሪው አብጧልና ቻርጅ ማድረግዎን አቁመው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ስስ ላፕቶፕ ሆኖ በኢንቴል ፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ዩ» (U) የምትባለው ፊደል ካለችበት፣ በ15 ዋት አካባቢ እንዲሠራ የታሰበ በመሆኑና የራሱ ግራፊክስ ካርድም ብዙውን ጊዜ ስለማይኖረው፣ ለቆዩና ለቀላል ጌሞች ብቻ ይተዉት። የስም መመሳሰልም ያታልላል። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ በዴስክቶፕ 170 ዋት ሲወስድ፣ በላፕቶፕ ያለው ሞክሼው እንደ አምራቹ ምርጫ ከ60 እስከ 115 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው ለየቅል ነው።

ለልኬቱ ኤችደብሊው ኢንፎ (HWiNFO) የተባለውን ሙቀት የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም በሁለቱም ማሽኖች ላይ ይጫኑ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር (MSI Afterburner) የተባለውን ፕሮግራም ቢጨምሩበት ሙቀቱንና በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም (የምስል) ብዛት ጌሙ ላይ እንዳሉ ያሳይዎታል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ሙቀት ቢያሳይም የፕሮሰሰሩን ስለማያሳይ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ያንኑ ጌም፣ በተመሳሳይ ሴቲንግ፣ በዚያው ክፍል፣ በተቀራራቢ ሰዓት፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተው ለ30 ደቂቃ ይጫወቱ። ሜኑ ላይ ቆሞ መጠበቅ ልኬት አይደለም፤ ከጌሙ ከበድ የሚለውን ቦታ ይምረጡ። በ5ኛውና በ30ኛው ደቂቃ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የካርዱን ሙቀትና የፍሬሙን ብዛት ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ፍርድ የሚሰጠው በዋናነት በሁለቱ የፍሬም ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ነው። በ5ኛው ደቂቃ 90 የነበረው በ30ኛው 50 ከሆነ፣ 65 ላይ ጀምሮ 63 ላይ የቆየው ማሽን ይሻላል፤ ጓደኞች መጥተው ማታውን ሙሉ ሲጫወቱ የሚያዩት ሁለተኛውን ቁጥር ነውና። ከሙቀቱ አንጻር ፕሮሰሰሩ ከ85፣ ካርዱም ከ80 ዲግሪ ብዙ ካላለፉ የሚያሳስብ ነገር የለም። ፕሮሰሰሩ ሳያቋርጥ 95 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ማሽኑ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን መቀነሱን አዎ ወይም አይ ብሎ የሚመልስ መስመርም አለው።

የተሸነፈውን ማሽን ግን ሳይጸዳ ፍርድ አይስጡበት። በእኛ ቤት ዴስክቶፑ በመጀመሪያው ልኬት 93 ዲግሪ ደርሶ በላፕቶፑ ተበልጦ ነበር። ኬዙ ላይ ጣል የተደረገው የእናቴ ዳንቴል የላይኛውን የአየር መውጫ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ኖሯል። የጎኑን ክዳን ስከፍት በማራገቢያውና በሂትሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት በሚቀበለው ብረት) መካከል አቧራው እንደ ባና ጨርቅ ተደርቦ፣ በጣት ሲነሣ ሳይበጠስ በአንድ ቁራጭ ወጣ። ከጽዳቱ በኋላ ያው ጌም በ76 ዲግሪ ሄደ፤ ዳንቴሉም ከብዙ ድርድር በኋላ ወደ ፕሪንተሩ ተዛወረ።

ለጽዳቱ ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፣ ከዚያ ማሽኑን በረንዳ ላይ አውጥተው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ያጽዱት። ሲነፉ ማራገቢያውን በጣትዎ ይያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ሊጎዳ ይችላል። እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ከጽዳት በኋላም ሙቀቱ ካልወረደና ማሽኑ የብዙ ዓመት ዕድሜ ካለው፣ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ተርማል ፔስት) ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ማስለወጥ ነው። ላፕቶፕን በአልጋና በሶፋ ላይ ማጫወት የሆዱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ጠረጴዛ ላይ አድርገው በኋለኛው ጫፍ ከሥሩ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ቢያስገቡለት ራሱ ልዩነቱን ያዩታል።

ሁለቱም ከጸዱ በኋላ የሚግሉ ከሆነ ጭነቱን ይቀንሱ። ስክሪንዎ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ማሽኑ 110 ፍሬም ማምረቱ ትርፉ ሙቀት ነውና ገደቡን 60 ላይ ያድርጉት። በዊንዶውስ የኃይል ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድም በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦውን (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን አሠራር) ስለሚያጠፋ ሙቀቱን በግልጽ ያወርዳል። ፕሮሰሰሩ ላይ ለሚመካ ጌም ግን ፍጥነት ያስከፍላል፤ እኔ የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የማየው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዴስክቶፑ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ጨዋታውን መሐል ላይ ይጥለዋል። ላፕቶፑ ባይጠፋም ወደ ባትሪ ሲዞር ጉልበቱ ስለሚወርድ እንደ ቀድሞው አይጫወትም። ከቢሮ የወጣውን አነስተኛ ዴስክቶፕ ካርድ ጨምረውበት ለማጠናከር ካሰቡ፣ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያሉ 75 ዋት የሚወስዱና ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልጉ ሞዴሎችን ይፈልጉ፤ ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ያለውን።

ልኬቱን የጻፉበትን ወረቀት አይጣሉት፤ ቀኑን ጨምረው ኬዙ ጎን ላይ ይለጥፉት። አቧራውና ሙቀቱ በሚበረቱበት በመጋቢት ያንኑ ጌም ለ30 ደቂቃ ከፍተው ቁጥሩን ያስተያዩ፤ በ10 ዲግሪ ከጨመረ ብሩሹን ያውጡ።