የዋሻ አለት በጫና ይሰነጠቅ እንደሆነ አስቀድሞ እንዴት ይገመታል?

በጠንካራና ተሰባሪ አለት ውስጥ ዋሻ ሲቆፈር፣ የወጣው አለት ይሸከመው የነበረው ጫና አብሮት አይወጣም፤ ክፍተቱን ዞሮ በማለፍ በዙሪያው በቀረው አለት ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ግምቱ የሚጀምረው ከቁፋሮው በፊት በቦታው ያለውን ጫና ከማወቅ ነው። ቁመታዊው ጫና በየሜትሩ ጥልቀት 0.027 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ) ገደማ ስለሚጨምር በ1,000 ሜትር ላይ 27 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ አግድሙ ግን ከጥልቀት ብቻ ስለማይታወቅ በቦታው መለካት አለበት። ልኬቱ 40 ሜጋፓስካል ሆነ እንበል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ በ1898 ባወጣው ቀመር መሠረት፣ በክብ ዋሻ ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ጫና የትልቁ ጫና ሦስት እጥፍ ትንሹ ተቀንሶለት ነው፤ እዚህ 93 ሜጋፓስካል ይሆናል። ትልቁ ጫና አግድም በመሆኑ አደጋው ያለው በጎን ግድግዳዎቹ ሳይሆን በጣሪያውና በወለሉ ነው።

የአለቱ ናሙና በቤተ ሙከራ ሲጨመቅ የተሰበረው በ180 ሜጋፓስካል ከሆነ፣ 93 ከዚያ ስለሚያንስ ስጋት የለም ብሎ መደምደም ይቀናል፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ተሰባሪ አለት በዋሻ ጠርዝ ላይ መላጥ የሚጀምረው ከቤተ ሙከራው ጥንካሬ 0.4 ያህሉ ላይ ሲደርስ ነው፤ የእኛው ደግሞ (93 ለ180 ሲካፈል) 0.52 ነው። አለቱ የተሠራባቸው ቅንጣቶች እኩል ስለማይጠነክሩ፣ መላው አለት ሲጨመቅ በመካከላቸው የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ አለት ደግሞ መጨመቅን የሚችለውን ያህል መሳብን አይችልም። በጠርዙ ላይ ከጎን የሚደግፍ ግፊት ስለሌለ ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆነው ያድጉና አለቱን በስስ ቅርፊት ይልጡታል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የጎን ግፊቱ ስንጥቆቹን ስለሚያፍናቸው መላጡ ሹል ጎድጓዳ ቅርጽ ይዞ ይቆማል። በካናዳ ማኒቶባ፣ በ420 ሜትር ጥልቀት፣ ያለ ፈንጂ በተቆፈረ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው የግራናይት ዋሻ ጣሪያና ወለል ላይ የታየው ይኸው ነው፤ ጥፋቱ የፈንጂ ነው ለማለትም አልተቻለም።

የጎድጓዱን ጥልቀት ለመገመት 0.52ን በ1.25 አባዝቶ 0.49 መደመር፣ ውጤቱንም በዋሻው ሬዲየስ ማባዛት ነው። ሬዲየሱ 2.5 ሜትር ከሆነ የተሰበረው አለት ከማዕከሉ እስከ 2.85 ሜትር፣ ማለትም ከጠርዙ 35 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቀመሩ ከልምድ የተገኘ በመሆኑ በዚህ ስፋት 25 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላልና፣ አለቱን ለመያዝ ወደ ውስጡ የሚገቡት የብረት ዘንጎች፣ ማለትም የአለት ብሎኖቹ፣ ከ60 ሴንቲሜትር አልፈው በጤናማው አለት ውስጥ በቂ መያዣ እንዲያገኙ ተደርገው ይመረጣሉ፤ በብሎኖቹ መካከል የሚላጠውን ቅርፊት ለመያዝም የሽቦ መረብ ይዘረጋል።